ዕቃን የሸጠ ሰው በዕቃው ዕድሜ ላይ ሥልጣን አለውን?

የሰው እጅ የሠራው ነገር ሁሉ ያረጃል። ብረት ይዝጋል፤ እንጨት ይነቅዛል፤ ብራናንም ብል ይበላዋል። በዚህ ምክንያት ሠሪውን የሚወቅስ የለም፤ እርጅና የፍጥረት ሁሉ ዕጣ ነውና። ነገር ግን ሠሪው ራሱ አስቦበት የዕቃውን ሞት የሚያመጣ ነገር በውስጡ ቢያኖር፥ ዕቃውንም በሙሉ ዋጋ ለሌላ ሰው ቢሸጥ፥ ያን ጊዜ ጥያቄ ይነሣል። ዕቃው የማን ነው? የሞተውንስ የሚያስነሣው ጠጋኝ ባለውለታ ይባላልን ወይስ አጥር አፍራሽ?

ይህ ጥያቄ ብዙ ሰው እንደ ቀላል በሚቈጥረው ነገር፥ ይኸውም በቪዲዮ ጨዋታ መኪናዎች ላይ በግልጥ ታይቷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1972 ዓ.ም. አታሪ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፖንግ የተባለውን ጨዋታ አወጣ። ከጃፓን ኩባንያዎችም ታይቶ በ1978 ስፔስ ኢንቬደርስን፥ ናምኮም በ1980 ፓክ ማንን አወጡ። እነዚህ መኪናዎች በትልልቅ ሣጥን ተሠርተው በየመጠጥ ቤቱና በየመጫወቻ አዳራሹ ይቆሙ ነበር፤ ሰውም ሳንቲም እየጣለ ይጫወትባቸው ነበር። በሣጥኑ ሆድ ውስጥ ያለው ሰርኪት ቦርድ የመኪናው ልብና አእምሮ ነው።

ዛሬ እነዚህን ሰሌዳዎች የሚጠግኑ ሰዎች በጃፓንም በአሜሪካም በአውሮፓም አሉ። ሥራቸው ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። አንዳንድ ጊዜ ካፓሲተሩ ደርቆ ይገኛል፤ አንዳንድ ጊዜ ከባትሪው ድንጋይ የፈሰሰው ፈሳሽ ቀጭኑን የመዳብ መሥመር በልቶት ይገኛል፤ ወይም ከብዙ ቺፖች አንዱ ብቻ ሞቶ የቀሩትን ያሰናክላቸዋል። ጠጋኙ የኤሌክትሪኩን ምልክት በመለኪያ እየተከተለ ከቺፕ ወደ ቺፕ ይሄዳል፤ የታመመውን ባገኘ ጊዜ በጋለ የብየዳ ብረት አላቅቆ ሌላ ይተካበታል፤ የተበላውንም መሥመር በቀጭን ሽቦ ይቀጥለዋል። ፕሮግራሙ የተጻፈበትንም ቺፕ አንብቦ ከደኅናው ቅጂ ጋር ያስተያየዋል። በዚህ ሁሉ ነቀፋ የለበትም፤ ሰዓት ሠሪ የቆመውን ሰዓት እንደሚያስነሣ ያለ ሥራ ነውና።

ነገሩ የሚከብደው በሌላ ስፍራ ነው። ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1991 ስትሪት ፋይተር ሁለት የተባለውን ጨዋታ ባወጣ ጊዜ፥ ጨዋታው በብዙ አገር ስለ ተወደደ፥ ያለ ፈቃድ እየገለበጡ የሚሸጡ ሰዎች በዙ። ኩባንያውም በ1993 ሲፒኤስ ሁለት የተባለውን አዲስ ሰሌዳ አወጣ። በዚህ ሰሌዳ ፕሮግራሙ የተጻፈው በምስጢር ተለውጦ ነው፤ ምስጢሩን የሚፈታው ቁልፍ በአንድ ቺፕ ማስታወሻ ውስጥ ይኖራል፤ ያም ማስታወሻ የሚጠበቀው በአንዲት ትንሽ የባትሪ ድንጋይ ኀይል ነው። ድንጋዩ ባለቀ ጊዜ ቁልፉ ይጠፋል፤ ቁልፉም ሲጠፋ፥ ሌላው አካል ሁሉ ጤነኛ ሳለ፥ በመስተዋቱ ላይ አንድ ዓይነት ቀለም ብቻ ይታያል እንጂ ጨዋታው አይነሣም። ስለዚህ ጠጋኞቹ ይህን ድንጋይ «ራሱን የሚገድል ባትሪ» ብለው ሰየሙት።

ስለ ሠሪው የሚሟገት ሰው የሚናገረው አያጣም። አንድ ጨዋታ እስኪፈጸም ብዙ ሠዓሊና ብዙ ባለሙያ ይደክማል፤ ገልባጩ ግን የብዙዎችን ድካም በጥቂት ቀን ይወስዳል። ድካሙ የሚሰረቅበት ሰው በሩን ቢቈልፍ ማን ይፈርድበታል? «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» እንደሚባለው፥ ቁልፉን የሚሰብር ሰው ዐሳቡ በጎ ቢሆን እንኳ የሠሪውን መብት የናቀ ይመስላል። ደግሞም በሩ አንድ ጊዜ ከተከፈተ ለጠጋኙም ለሌባውም እኩል ክፍት ነው። ይህ ክርክር ተንቆ የሚተው አይደለም።

ነገር ግን መጠበቅ ሌላ፥ ማጥፋት ሌላ ነው። በሬውን ሸጦ ገንዘቡን የተቀበለ ሰው፥ በሬውን ሌባ እንዳይወስደው ብሎ ከዓመታት በኋላ የሚገድል መርዝ ቢያበላው፥ የሚጎዳው ሌባው ሳይሆን ዋጋውን የከፈለው ገበሬ ነው። በሰሌዳውም የሆነው ይኸው ነው። ገልባጩ የሚፈልገው አዲስ ጨዋታን ነው፤ ጨዋታው ሲያረጅ ትቶት ይሄዳል። ድንጋዩ የሚያልቀው ግን ሌባው ከሄደ በኋላ፥ በታማኙ ገዥ ቤት ነው። ስለዚህ ሁለቱን መብት ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ቅጂውን የማብዛት መብት የሠሪው ነው፤ የገዛውን አንዱን ዕቃ በሕይወት የማቆየት መብት ግን የገዥው ነው።

ሕግ አውጪዎችም ይህን ልዩነት አልዘነጉትም። የአሜሪካ መንግሥት በ1998 ባወጣው ሕግ እንዲህ ያለውን ቁልፍ መስበር ከለከለ፤ በዚያው ሕግ መሠረት በ2000 የወጣው ደንብ ግን፥ ቁልፉ ራሱ ተበላሽቶ ወይም ጊዜ አልፎበት መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ እንዲታለፍ፥ ለሦስት ዓመት የሚጸና ልዩ ፈቃድ ሰጥቶ ነበር።

የጥበቡ ሰዎች የሄዱበት መንገድ ሁለት ነው። በ2001 ምስጢሩ የተፈታበትን የፕሮግራም ቅጂ ማግኘት ተቻለ፤ ይህንም በሞቱት ሰሌዳዎች ላይ እየተከሉ አስነሧቸው። ሰሌዳው ይሠራል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ጽሕፈት ከፋብሪካ የወጣው አይደለም፤ ቁልፉም ተጥሏል። በ2007 የምስጢሩ አሠራር ተመርምሮ ታወቀ። በ2016 ደግሞ የጠፋውን ቁልፍ ራሱን ወደ ቀድሞ ስፍራው መልሶ የሚጽፍ ዘዴ ለሰው ሁሉ ተገለጠ፤ አዲስ ድንጋይ ሲደረግለት ሰሌዳው እንደ ጥንቱ ሆኖ ይነሣል።

ለጥያቄው የሚሆን መልስ በነዚህ በሁለቱ መንገዶች መካከል ይገኛል። የመጀመሪያው፥ ሌላ መድኀኒት ባልነበረበት ዘመን የተደረገ ስለ ሆነ አይነቀፍም፤ ነገር ግን ዕቃውን ያዳነው ለውጦ ነው። ሁለተኛው ለገዥው የነበረውን መለሰለት፤ የሠሪውንም ቁልፍ በስፍራው አኖረው። እውነተኛ ጥገና ማለትም ይህ ነው፤ ለባለቤቱ የነበረውን ይመልሳል እንጂ ከሌላው ወስዶ አይጨምርለትም።

ይሁን እንጂ በዚሁ ዕውቀት ርካሹን ጨዋታ ውድ ጨዋታ አድርጎ፥ ጥንቱን እንዲህ ነበረ ብሎ የሚሸጥ ሰው አለ። መሣሪያው ያው ነው፤ ብየዳውም ያው ነው። ይህን ሰው ከጠጋኝ የሚለየው ለገዥው የማይነግረው ነገር ነው። የቀናው ጠጋኝ ይህ ቺፕ የጥንቱ ነው፥ ይህ የተለወጠ ነው፥ ይህ ድንጋይ በዚህ ዓመት የገባ ነው ብሎ ጽፎ ይሰጣል፤ ቢጠየቅም አያፍርም።

ዕቃን የሚሠራ ሰውም ከዚህ የሚማረው አለ። ቁልፍ ማበጀት የተገባ ነው፤ ነገር ግን ቁልፉ የማያስፈልግበት ቀን እንደሚመጣ አውቆ፥ ለዚያ ቀን መክፈቻውን የሚያገኝ ሰው እንዲኖር አስቀድሞ ሊያስብ ይገባዋል። ይህን ሳያስብ ከቀረ፥ እንግዳ ሰው ከዓመታት ድካም በኋላ መክፈቻውን ፈልጎ ባገኘ ጊዜ ሊያዝንበት አይችልም።