«አልረከብም» ያለች ነርስ

የሌሊት ተረኛ ነርስ ርክክብ ላይ ቆማ «ይህን ሁሉ በሽተኛ ብቻዬን አልረከብም» ብትል በደለች ወይስ ልክ ናት? ጥያቄው ያደረብኝ በግንቦት 2017 ነው። ያን ጊዜ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ያሉባቸውን 12 ጥያቄዎች ይዘው በየሆስፒታሉ ሥራ አቆሙ፤ ብዙዎችም ታሰሩ። እዚህ መርጡለ ማርያም ሆኜ ስሰማ ልቤ መጀመሪያ ያደላው ለበሽተኛው ነበር።

አዲስ አበባ አንዱ ሆስፒታል ቢመልስህ ሌላ በር ታንኳኳለህ። እኛ ዘንድ ያለው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው፤ ይህ ደረጃ የታሰበው ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ለሚደርስ ሕዝብ ነው። ከአቅሙ በላይ ሲሆን በሪፈር ወደ ሞጣ ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ ይላካል፤ በአማራ ክልል ጦርነት መንገድ ሲዘጋ ግን ሪፈሩ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው የመጡ ሰዎች «አልቀበልም» ቢባሉ ወዴት ይሂዱ? እምቢታው የሚያርፈው በእነሱ ላይ እንጂ በሹሙ ላይ አይደለም።

ነገሩን ሳገላብጠው ግን ይህ አላሳረፈኝም። መረከብ ማከም ነውን? ነርሷ ለአንዱ ደም ስትሰቅል ሌላው ትንፋሽ ቢያጥረው የሚያየው አስታማሚ ብቻ ነው፤ እሱም «ሲስተር፣ ኧረ እባክሽ» እያለ በኮሪደሩ ይሮጣል። ሊንዳ አይከንና ባልደረቦቿ በአሜሪካ የፔንሲልቬኒያ ሆስፒታሎች ላይ አጥንተው በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አንዲት ነርስ የምትይዘው የቀዶ ሕክምና በሽተኛ በአንድ በጨመረ ቁጥር በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል 7 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። እንግዲያስ ዝም ብሎ መረከብም ይገድላል። ልዩነቱ፣ እንዲህ የሞተው «ዕድሜው ነው» ተብሎ ይቀበራል፤ ጠያቂ ከመጣም የምትጠየቀው ቻርቱ ላይ የፈረመችው ናት።

«ነርስ ከየት ይምጣ?» ይሉኛል። ይህን ክርክር ለረጅም ጊዜ ተቀብዬው ነበር፤ አሁን ግን አይዋጥልኝም። ተመርቀው ሥራ ያጡ ነርሶች በየከተማው አሉ። የጠፋው የቅጥር በጀት ነው፤ በጀት ደግሞ እንደ ዝናብ ከሰማይ አይጠበቅም፣ ሰው ይወስነዋል።

ደግሞም አድማና ይህ እምቢታ አንድ አይደሉም። አድመኛ ዋርዱን ለቅቆ ይወጣል። ይህችኛዋ የምትችለውን ያህል ይዛ እዚያው ናት። የቴክሳስ ሕግ ለእንዲህ ያለችው መጠጊያ ሰጥቷታል፦ ምደባው ለበሽተኛ አደገኛ ነው ብላ በቅን ልቦና ካመነች ተቃውሞዋን ታስመዘግባለች፣ በዚህም አትቀጣም፤ አብዛኛውን ጊዜም ሥራዋን አታቋርጥም። ካሊፎርኒያ ደግሞ ቁጥሩን ራሱን በሕግ ቆርጦ፣ በመደበኛ የተኝቶ ሕክምና ክፍል ለአንዲት ነርስ ከ5 በሽተኛ አይበልጥም ብሏል።

እዚህ ላይ ሌላ ጥርጣሬ ያዘኝ። የእኛ ጤና ቢሮ እንዲህ ያለ የተቃውሞ ወረቀት ሲደርሰው ፋይል ውስጥ ያስተኛዋል። ስለዚህ የነርሷ ፊርማ ብቻውን አይበቃም፤ መዳቢውም ይፈርም። ሜትረኗ ወይም ሥራ አስኪያጁ ሌላ ነርስ ከቤት ያስጠሩ፤ ካልቻሉም «አደጋውን አውቄ መድቤያለሁ» ብለው ስማቸውን ይጻፉ። የክልሉ ጤና ቢሮ ይህን በመመሪያ ያውጣው። እስከዚያው «አልረከብም» ያለችውን ነርስ በሽተኛ ጣለች ብሎ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው።