የስድሳ ሺህ ፍራንክ አደራ

ሰው በገዛ ገንዘቡ ሲሳሳት ዳኛውም ተቀጪውም ራሱ ነው። የማይሆን ዕቃ ቢገዛ ጥቂት ቀን ይቈጫል፤ ቢብስበትም «ይበለኝ» ብሎ ያልፈዋል። የማያውቀውን ነገር ለመግዛት ሲነሣ ግን ያውቃል የሚለውን ሰው ይዞ ይወጣል። በዚያች ሰዓት ገንዘቡ የአንዱ፣ ዕውቀቱ የሌላው ይሆናል። ስሕተት ቢፈጠር የተሳሳተው ባለዕውቀቱ፣ የሚከፍለው ግን ባለገንዘቡ ነው። ለመሆኑ የሚያውቅ ሰው ለማያውቅ ሰው ያለበት ዕዳ ምንድን ነው? «የመሰለኝን ነገርኩት» ማለት ከተጠያቂነት ያድናልን?

ይህን ጥያቄ በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ልብ ውስጥ የቀሰቀሰው አንድ ተራ የኮምፒውተር ግዢ ነው።

የጅቡቲ ከተማ የተቈረቈረችው ከባሕሩ ብቅ ባሉ የኮራል አምባዎች ላይ ነው። ከእነዚህ አምባዎች አንዱ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ይባላል፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የእባብ አምባ» ማለት ነው። ሰፋፊ በረንዳ ያላቸው የቆዩ ቪላዎች የሚገኙበት ሰፈር ሲሆን፣ በእነዚህ ቪላዎች ውስጥ ምግብ የሚያበስሉ፣ ልብስ የሚተኩሱ፣ ሕፃናት የሚጠብቁ ኢትዮጵያውያት አሉ። ከእነርሱ አንዷ የሆኑ እናት እ.ኤ.አ. በ2025 ትምህርት ቤቶች ሊከፈቱ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ፣ የካምሲን ነፋስ ገና ሳይበርድ፣ በመሐረብ የቋጠሩትን 60 000 ፍራንክ ይዘው መጡ። «ልጄ ሊሴ ሊገባ ነው፤ የቤት ሥራውን በኮምፒውተር ጽፋችሁ አምጡ ይሏቸዋል አሉ። ወንድሜ፣ አንተ ታውቅበታለህና ምረጥልኝ፤ አደራህን» አሉኝ።

የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 ጀምሮ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ177.721 ፍራንክ እንዲመነዘር ተወስኖ የቆመ ስለሆነ፣ 60 000 ፍራንክ ከ337 ዶላር ጥቂት ይበልጣል። ስሌቱ ይህ ነው። ያ ገንዘብ ስንት ሸሚዝ እንደተተኰሰበት የሚያውቁት ግን እርሳቸው ብቻ ናቸው።

በዚያው ሌሊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ዕቃዎቹን ለየብቻ ገዝቼ በገዛ እጄ ልገጣጥም አሰብኩ። ፈጣን ፕሮሰሰር፣ ለጨዋታ የሚሆን ግራፊክስ ካርድ፣ ጐኑ መስታወት ሆኖ በውስጡ ልዩ ልዩ ቀለም የሚያበራ ሣጥን ጻፍኩ። ገንዘቡ ባጠረኝ ቍጥር ከማይታየው እየቀነስኩ በሚታየው ላይ ጨመርኩ። ለምሳሌ ለኮምፒውተሩ ሁለንተና ኃይል የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ ስም የለሽና እጅግ ርካሽ አደረግሁት። ሲበላሽ ሌላውን ክፍል ይዞ ሊሞት የሚችለው ይኸው ክፍል መሆኑን እያወቅሁ ነው ይህን ያደረግሁት።

በማግሥቱ ዝርዝሩን በኩራት አነበብኩላቸው። በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ቴሌቪዥኑ የትኛው ነው?» አሉ በመጀመሪያ። የሚታይበትን ሞኒተር ጨርሶ አልቈጠርኩትም ነበር። ቀጥለውም «አማርኛስ ይጽፋል?» አሉ። ይህንንም አላሰብኩትም።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስመርጥ የነበረው ለራሴ ነበር። በወጣትነቴ አምሮኝ ያጣሁትን ኮምፒውተር፣ ሸሚዝ ተኵሰው ባጠራቀሙት በእኚህ እናት ገንዘብ እየገዛሁ ነበር። በአገራችን «አደራ በላ» ከባድ ስድብ ነው፤ ስንሰማውም ገንዘብ የካደ፣ የሟችን ንብረት የቀማ ሰው ይታየናል። እኔ ከመሐረቡ አንዲት ፍራንክ አልነካሁም። ይሁንና ገንዘብ ሳይነኩም አደራ መብላት እንደሚቻል በዚያች ጧት ተረዳሁ።

አፍላጦን «ሪፐብሊክ» በተሰኘው ሥራው የመጀመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ሶቅራጥስን ከትራሲማኮስ ጋር ያከራክረዋል። ሶቅራጥስ እንደሚለው ሐኪም በሐኪምነቱ የሚሻው የበሽተኛውን ጥቅም ነው፤ የመርከብ መሪም በመሪነቱ የሚሻው የመርከበኞቹን ጥቅም ነው። ማንኛውም ሙያ የሚሠራው ለተሠራለት ወገን ጥቅም ሲሆን፣ ደመወዝ መቀበል ከሙያው ተለይቶ የሚታይ ሌላ ነገር ነው። ይህን ሐሳብ ከዚህ በፊት ሳነበው የሚመለከተው ገንዘብ የሚቀበሉትን ብቻ ይመስለኝ ነበር። እኔ ከእኚህ እናት ደመወዝ አልጠየቅሁም። ነገር ግን አድናቆትም ደመወዝ ነው። «እንዴት ያለ ኮምፒውተር ገጠመላቸው!» መባልን ስሻ ዋጋዬን ከመሐረባቸው ውስጥ እየቈረጥኩ ነበር።

ደግሞም ስሕተት ለሁሉም እኩል አይመዝንም። በወንጌል የተነገረላት ድሃ መበለት የጣለቻት ሁለት ሳንቲም ከባለጸጎቹ ስጦታ የበለጠችው፣ እነርሱ ከትርፋቸው ሲሰጡ እርሷ ያላትን ሁሉ ስለ ሰጠች ነው። ስጦታ በዚህ ሚዛን ከተለካ ስሕተትም በዚሁ ሚዛን መለካት ይኖርበታል። በቪላው ጌታ ገንዘብ ላይ የሚፈጸም የ10 000 ፍራንክ ስሕተት ትንሽ መናደድ ነው፤ በቪላው ሠራተኛ ገንዘብ ላይ ሲፈጸም ግን የወራት ድካም ነው። የገንዘቡ ማነስ የመካሪውን ኃላፊነት ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም።

ሁለተኛውን ዝርዝር ስንጀምር እኔ ጠያቂ፣ እርሳቸውና ልጃቸው መላሽ ሆኑ። ልጁ በኮምፒውተሩ ምን ይሠራበታል? በፈረንሳይኛ ይጽፋል፣ ያነባል፣ ሥራውን ለመምህራኑ ይልካል። የት ይቀመጣል? በአንድ ሞቃት ክፍል ጥግ፤ አየሩ ከባሕሩ ጨውና እርጥበት፣ ነፋሱም አቧራ ይዞ የሚገባበት ቤት ነው። ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል? በተቻለ መጠን ልጁ ራሱ።

መልሱ ከጥያቄዎቹ ወጣ። በቀላሉ ተከፍቶ አቧራው የሚጠረግ፣ አንዱ ክፍል ሲበላሽ ያው ክፍል ብቻ የሚለወጥ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ከላፕቶፕ ይሻላል። ከዚህ ቀጥሎ ሁሉንም በአዲስ ዕቃ ልገጣጥም ማለት በዚህ ገንዘብ የየዓይነቱን ደካማ ዕቃ ማከማቸት ይሆናል። መሥሪያ ቤቶች በየጥቂት ዓመቱ የሚለውጧቸው ኮምፒውተሮች ግን ቀኑን ሙሉ እንዲሠሩ ታስበው የተሠሩ ናቸው። እንከንም አላቸው፤ ብዙዎቹ ፓወር ሰፕላያቸውና ማዘርቦርዳቸው የፋብሪካውን ቅርጽ ብቻ የተከተለ ስለሆነ ከገበያ በተገኘ ሌላ ዕቃ አይተኩም፤ ትንንሾቹ ሣጥኖችም ትልቅ ግራፊክስ ካርድ አይቀበሉም።

የአሮጌ ኮምፒውተር ዝግታ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከፕሮሰሰሩ ይልቅ ከሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። በእርሱ ፈንታ ኤስኤስዲ ሲገባለት ዕቃው ዳግም የተወለደ ይመስላል። ለጽሕፈትና ለንባብ 8 ጊጋባይት ራም ይበቃል፤ ወደፊት ለመጨመር አንድ ባዶ ቦታ ቢኖረው መልካም ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረው ነጻ ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) እንደሚያበቃ አስቀድሞ ተነግሮ ስለነበር፣ በዚያ ሰሞን እጅግ ርካሽ የነበረው ዕቃ የረከሰበት ምክንያት ነበረው። ዊንዶውስ 11 የኢንቴል ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ፕሮሰሰሮችን ይጠይቃል። ከዚያ በታች ያለውን የሚገዛ ሰው በነጻ በሚገኘው ሊኑክስ ለመሥራት መዘጋጀት አለበት፤ ይህም ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ከመግዛቱ በፊት ሊነገረው ይገባል።

የአማርኛው ጥያቄም መልስ አገኘ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ በአንድ ኮምፒውተር የተጻፈ አማርኛ በሌላው እንዲነበብ መንገዱ ተጠርጓል። ችግሩ የቁልፎቹ አሰላለፍ ላይ ነው። በጅቡቲ የተለመደው የፈረንሳይኛው ኪቦርድ ሲሆን፣ የአማርኛ መጻፊያው በእንግሊዝኛው አሰላለፍ የተሠራ ከሆነ «አ»ን ብሎ የሚመታ ጣት «ቅ»ን ያወጣል። ጥቂት ማስተካከል የሚፈልግ ጉዳይ ነው፤ ነገር ግን እናቲቱ ባይጠይቁ ኖሮ እኔ አላስታውሰውም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። ዕቃውን ስናሳየው ልጁ ፊቱን አጨፍግጎ «ይሄ የቢሮ ውዳቂ ነው፤ ጓደኞቼ ይስቁብኛል» አለ። እናቱም «እንደ ቤታችን እንጂ እንደ ጎረቤታችን አንኖርም» ብለው በተረት ዘጉት። ተረቱ እውነት ነው፤ የልጁ ሕመምም እውነት ነው። «ለአንተ ይህ ይበቃሃል» የሚለው ቃል ከልክ ዐዋቂነት ሊወጣ ይችላል፤ ከንቀትም ሊወጣ ይችላል። ለድሃ ልጅ የሀብታም ትራፊ ይበቃዋል የሚል ሐሳብ በምክር ልብስ ተሸፍኖ ሲዞር ብዙ ጊዜ አይተናል። ታዲያ ልኩንና ንቀቱን በምን እንለያቸዋለን?

ለእኔ የታየኝ መለያ ይህ ነው፦ ይህንኑ ቃል፣ ይህንኑ ሥራ ለሚሠራው ለቪላው ጌታ ልጅ ሳልሸማቀቅ መናገር እችላለሁን? ምክንያቴ ሥራው ከሆነ እችላለሁ፤ ምክንያቴ የልጁ እናት ማንነት ከሆነ አልችልም። በዚህም ላይ ዕቃው የማይችለውን አለመደበቅ ግድ ነው። ስለዚህ ለልጁ ከባድ ጨዋታዎችን እንደማያጫውት፣ ረዣዥም ቪዲዮ ለማቀናበር እንደሚያዘግም፣ ራም መጨመር ግን እንደሚቻል ነገርኩት። ደስ አላለውም፤ የተሰማውን ሊሰማው መብቱ ነው። ቢያንስ ግን አልተታለለም።

ነገሩ ከአንድ ቤተሰብም ይሰፋል። የአዲስ አበባን መርካቶ የሚያውቅ ሰው ምናለሽ ተራን ያውቃል፤ ሌላው የጣለው በርሜልና ብረት እዚያ በእጅ ጥበብ ምድጃ ሆኖ ይወጣል። አሮጌ ኮምፒውተርን ግን በመዶሻ ሌላ ነገር ማድረግ አይቻልም፤ በውስጡ እርሳስና ሌሎች መርዛም ነገሮች አሉበት፤ መዳብ ለማውጣት ሽቦው ሲቃጠል ጢሱ ሳንባ ይጐዳል። በ1989 በወጣውና የአደገኛ ቆሻሻን ዝውውር በሚቈጣጠረው የባዝል ስምምነት መሠረት፣ ከጥር 1 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ያለ ተቀባዩ አገር ቅድሚያ ፈቃድ ድንበር እንዳይሻገር ተደንግጓል። ይሁን እንጂ «ያገለገለ ዕቃ» በሚል ስም የሞተ ዕቃ ሊሻገር ይችላል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ አብርቶ አንድ ሰዓት ማሠራት፣ መሰኪያዎቹን አንድ በአንድ መፈተን ከብልጠት የሚያልፍ ግዴታ ነው። የሚሠራ አሮጌ ዕቃ የገዛ ሰው የዕቃውን ዕድሜ ያራዝማል፤ የማይሠራውን ያስገዛ መካሪ ግን የሌላውን ቆሻሻ ወደ ድሃ ቤት ያስገባል።

በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ከነኤስኤስዲው 32 000፣ ያገለገለ ሞኒተር 12 000፣ ኪቦርድና ማውዝ 3 000፣ ኤሌክትሪክ ከፍ ዝቅ ሲል የሚጠብቅ ስታብላይዘር 6 000 ፍራንክ ሆነ፤ በጠቅላላው 53 000 ማለት ነው። እያንዳንዱን በአማርኛ በወረቀት ጽፌ፣ ለምን እንደተመረጠም በአንድ በአንድ መስመር አክዬ፣ ከቀሪው 7 000 ፍራንክ ጋር አስረከብኳቸው። ወረቀቱን ለልጃቸው አሳልፈው ሰጡና እንዲያነብላቸው አዘዙት። እርሱ ጮኾ ሲያነብ እርሳቸው በጣታቸው እየቈጠሩ አዳመጡ።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ የተመካሪው አለማወቅ ለመካሪው ነጻነት አይሰጠውም። ሐኪሙም፣ ግንበኛውም፣ ጠበቃውም፣ ኮምፒውተር የሚገጥመውም ሰው ማንም ሊቈጣጠረው በማይችልበት ቦታ ቆሞ በሌላው ገንዘብ ይመርጣል። እዚያ ቦታ ላይ ያለው ዳኛ ኅሊናው ብቻ ነው፤ ኅሊና ደግሞ ሌሊት ብቻውን በወረቀት ፊት ሲቀመጥ በቀላሉ ይደለላል። ስለዚህ ምክሩን ባለገንዘቡ በሚገባው ቋንቋ ጽፎ፣ ምክንያቱን ገልጦ፣ ለጥያቄ ማቅረብ ይገባዋል። አደራ የሚመለሰው ዕቃውን በማስረከብ ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡንም በማስረከብ ነው።