ጉዲፈቻና መግቦት፦ ከቻይና ስለ ተወሰዱ ሕፃናት

ቻይና ልጆቿን በጉዲፈቻ ለውጭ አገር ቤተሰቦች የምትሰጥበትን ሕግ በሥራ ላይ ያዋለችው በ1992 ነው፤ በሩን የዘጋችው ደግሞ በ2024 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በእነዚህ ዓመታት ከ160 ሺህ በላይ ሕፃናት ከአገር ወጥተዋል፤ ግማሽ ያህሉ የሄዱት ወደ አሜሪካ ነው። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ከወሰዷቸው ቤተሰቦች መካከል ሃይማኖተኞቹ ደጋግመው የሚናገሩት ነገር አለ፦ ይህች ልጅ ከመጀመሪያውም ለእኛ የታሰበች ነበረች፤ ያገናኘን እግዚአብሔር ነው። ንግግሩ ምስጋና ነው። ሆኖም በውስጡ ስለ መግቦት፣ ማለትም እግዚአብሔር ዓለምን ስለሚመራበት መንገድ፣ ከባድ ትምህርት ይዟል። ልጅቱ ወደዚህ ቤት እንድትመጣ ከታሰበ፣ የወለደቻት እናት እንድታጣትም ታስቦ ነበር ማለት ነው?

ጥያቄው መልስ የሚያገኘው ሕፃናቱ ማሳደጊያ የገቡበት መንገድ ሲታወቅ ነው። ከ1980 ገደማ ጀምሮ የአንድ ልጅ ፖሊሲ በመላ አገሪቱ ተዘረጋ። ከተፈቀደው በላይ የወለደ ከባድ ቅጣት ይከፍል ነበር፤ በብዙ ቦታ ሴቶች በግዳጅ እንዲያስወርዱና እንዲመክኑ ተደርገዋል። ጡረታ ባልነበረበት ገጠር ወላጆችን የሚጦረውም፣ የዘሩን ስም የሚያስቀጥለውም ወንድ ልጅ ነበር። ስለዚህ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሆና የተወለደች ሴት ልጅ ሌሊት በገበያ፣ በድልድይ ሥር ወይም በፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ትቀመጥ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የተወለደችበት ቀንና ሰዓት በተጻፈበት ቀይ ወረቀት ታጅባ። ልጅ መጣል በሕግ ያስቀጣል፤ እናት በግልጽ ቀርባ ለማስረከብ፣ ምክንያቷን ለማስረዳት ወይም ስሟን ለመተው አትችልም ነበር።

«ማንም ያልፈለጋት ልጅ» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው፤ ስሙ ግን ከእውነቱ ጋር አይገጥምም። ራሷ ከቻይና ልጅ ወስዳ ያሳደገችው አሜሪካዊት ምሁር ኬይ አን ጆንሰን ለብዙ ዓመታት በቻይና ገጠር ባደረገችው ጥናት እንዳሳየችው፣ ሴት ልጅ ተቀብለው ለማሳደግ የሚሹ ቻይናውያን ቤተሰቦች ጥቂት አልነበሩም። በ1991 የወጣው የጉዲፈቻ ሕግ ግን አሳዳጊው 35 ዓመት የሞላውና ልጅ የሌለው እንዲሆን ያዝዝ ነበር። የዕድሜው ወለል ወደ 30 ዝቅ ያለው በ1998 በተደረገው ማሻሻያ ነው። ሕጉ እንደዚያ የጠበበው ልጅን በጉዲፈቻ ስም ሰጥቶ እንደገና መውለድን ለመከልከል ነበር። በዚህ ምክንያት ጎረቤት ያነሣት ሕፃን ሕገ ወጥ ሆነች፤ ውቅያኖስ ተሻግሮ የመጣው ቤተሰብ ግን ሕጋዊ። የውጭ አገሩ ቤተሰብ የደረሰላት ልጅ ሌላ የሚቀበላት ሊኖር ይችል እንደነበር የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ነው፤ ካወቀ።

ጉዞው ራሱ ሥርዓት ነበረው። ቤተሰቡ ስለ ገቢው፣ ስለ ጤናው፣ ስለ ትዳሩና ስለ ወንጀል ነክ ታሪኩ የሚያስረዳ ዶሴ ወደ ቤይጂንግ ይልክ ነበር። ጥበቃው መጀመሪያ ላይ አንድ ዓመት ገደማ ነበር፤ በኋላ ለጤነኛ ሕፃን ከአምስት ዓመት በላይ ሆነ። በመጨረሻ ፎቶግራፍና አጭር የሕክምና ማስረጃ የያዘ የምደባ ደብዳቤ ይደርስ ነበር፤ ብዙዎቹ ቤተሰቦች የእግዚአብሔርን እጅ አየን የሚሉት በዚህ ቀን ነው። ቀጥሎ ወደ ክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ፣ ወደ ቻንግሻ፣ ናንቻንግ ወይም ናኒንግ ይበሩ ነበር። ሞግዚቶች ሕፃናቱን ይዘው ወደ ሲቪል ጉዳዮች ቢሮ ይመጡ ነበር፤ ርክክቡም በደቂቃዎች ውስጥ ያልቅ ነበር። ከ24 ሰዓት በኋላ ቤተሰቡ ተመልሶ ልጅቱን እንደማይጥልና እንደማያንገላታ ቃል ገብቶ ይፈርም ነበር፤ ለማሳደጊያው የሚሰጠውን ገንዘብም ይከፍል ነበር፤ ለረጅም ጊዜ 3,000 ዶላር የነበረው በኋላ 35,000 ዩዋን ደርሶ ነበር። አሜሪካውያን ከዚያ ወደ ጓንግዦው ከተማ ይሄዱ ነበር፤ ለጉዲፈቻ ልጆች ቪዛ የሚሰጠው እዚያ ባለው ቆንስላቸው ነበር። ለብዙ ዓመታት በዚያው ከተማ በሻሚያን ደሴት ያለው ዋይት ስዋን ሆቴል በእነዚህ ቤተሰቦች የሕፃን ጋሪ ይሞላ ነበር።

ድክ ድክ የምትል ልጅ በርክክቡ ቀን አምርራ ታለቅስ ነበር። የቻይና ሕግ የልጁን ፈቃድ የሚጠይቀው አሥር ዓመት ሲሞላው ነበር (በአሁኑ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስምንት)፤ የሁለት ዓመት ሕፃን አትጠየቅም። ያላት ምስክርነት ለቅሶዋ ብቻ ነው። በሙያው ያሉ ሰዎች ለቅሶው ደግ ምልክት እንደሆነ ለወላጆች ይነግሩ ነበር፤ ለሞግዚት ያለቀሰች ልጅ ሰው መውደድን የለመደች ናትና። ትክክል ነው። ሆኖም ይኸው ምልክት ልጅቱ ከባዶነት ወደ ፍቅር መጣች የሚለውን ትረካ ያፈርሰዋል። የሚያባብሏት እጆች፣ የለመደችው የምግብ ሽታ፣ ትርጉሙን መያዝ የጀመረችው ቋንቋ ነበራት፤ ሁሉም በአንድ ቀን ተለወጠባት።

የአሳዳጊ ቤተሰቦችን እምነት ለመግለጽ በሰፊው የሚጠቀሰው የቀይ ክር ተረት ነው፤ ሊገናኙ የተወሰነላቸውን ሰዎች የማይታይ ክር ያስተሳስራቸዋል ይላል። ተረቱ በታንግ ዘመን የተጻፈ ሲሆን የሚናገረው ስለ ጋብቻ ነው፤ በጨረቃ ብርሃን የሚታይ ሽማግሌ የወደፊት ባልና ሚስትን እግር በቀይ ክር ያስራል። ለወላጅና ለልጅ ያዋሉት በብዛት የምዕራብ አሳዳጊዎች ናቸው። ክርስቲያኖቹ ደግሞ ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶንና ለሮሜ ሰዎች ስለ ልጅነት የጻፈውን ይጨምራሉ። ሐዋርያው የተጠቀመበት የሮማ ሥርዓት ግን በአመዛኙ ወራሽ የሌለው ሰው አዋቂን ወንድ ልጁ የሚያደርግበት ነበር፤ ሕፃን ከእናቷ ስለ መለየቷ የሚለው የለም።

ያገናኘን እግዚአብሔር ነው የሚለው እምነት ከባድ ፈተና የገጠመው በ2005 ነው። በሁናን ክፍለ ሀገር በሄንግያንግ አካባቢ ያሉ ማሳደጊያዎች ሕፃናትን ከደላሎች ሲገዙ እንደነበር ተጋለጠ፤ በ2006ም የተያዙት ሰዎች ተፈረደባቸው። በ2011 ደግሞ ካይሺን የተባለው የቻይና መጽሔት በዚያው ክፍለ ሀገር በሎንግኋይ ወረዳ የቤተሰብ ምጣኔ ባለሥልጣናት ሕፃናትን ከወላጆቻቸው ነጥቀው ለማሳደጊያ እንዳስረከቡ ዘገበ። የተነጠቀችውን ልጅ እግዚአብሔር ለእኛ አሰባት ማለት ነጣቂውን የእግዚአብሔር መልእክተኛ ወደ ማድረግ ይጠጋል።

የሃይማኖት ሊቃውንት ከጥንት የያዙት መልስ፣ እግዚአብሔር የሚወደው ሌላ፣ ሲፈጸም ዝም የሚለው ሌላ ነው የሚል ነው፤ ክፉን አይሠራም፣ ከክፉ ግን በጎ ያወጣል። ልዩነቱ ትክክል ነው፤ ግን አይበቃም። በጎ ወጣለት የተባለው ማን እንደሆነ፣ ይህንንም ማን ሊናገር እንደሚገባው አይገልጽምና። እዚህ ላይ ከትምህርቱ ይልቅ ሁለት የብሉይ ኪዳን ታሪኮች ይሻላሉ።

አንደኛው የሙሴ ነው። ወንዶች ሕፃናት እንዲገደሉ ያዘዘው ፈርዖን ነው፤ ሕፃኑን ከወንዝ አንሥታ ያሳደገችው የፈርዖን ልጅ ናት። ልጁን ለአደጋ የዳረገውና ልጁን ያዳነው አንድ ቤት ነው፤ በቻይናም ልጅቱን ከቤቷ ያስወጣትና ለአሳዳጊ ያስረከባት አንድ መንግሥት ነበር። ኦሪት ዘጸአት የልዕልቲቱን ርኅራኄ ሲያከብር አዋጁን አያጸድቅም፤ ወላጅ እናቱንም ከታሪኩ አያወጣትም። አጠባችው፤ እሱም ካደገ በኋላ ወደ ወንድሞቹ ወጣ።

ሁለተኛው የዮሴፍ ነው። ወንድሞቹ ያደረጉት ክፋት በእግዚአብሔር ወደ በጎ እንደ ተለወጠ በዘፍጥረት 50 የሚናገረው ዮሴፍ ነው፤ የተሸጠው እሱ ነውና። ወንድሞቹ በዚያ ምዕራፍ ምሕረት ሲለምኑ እንጂ ስለ እግዚአብሔር ዕቅድ ሲያስረዱ አይገኙም። ያንኑ ቃል እነሱ ቢናገሩት ድፍረት ይሆን ነበር። አሳዳጊ ወላጆች ከወንድሞቹ ጋር የሚነጻጸሩ አይደሉም፤ ልጅቱን አልጣሏትም፣ አልሸጧትምም። ቢሆንም ከጉዳቱ የተጠቀሙ ወገኖች ናቸው። ተጠቃሚ ስለ ተጎጂው ኪሳራ ታስቦ የሆነ ነው ብሎ ሲመሰክር ቃሉ እንዳይታመን የሚያደርገው ይህ ነው። ማመስገን ይችላሉ፤ ስለ እናቲቱ ማጣት መወሰን ግን የእነሱ ድርሻ አይደለም።

ልጅን አሳድጎ የትውልድ ሐረጉን ሳይሰርዙ መኖር እንደሚቻል ሌሎች ሥርዓቶች ያሳያሉ። ቁርኣን በነቢዩ ሙሐመድ ቤት ባደገው በዘይድ ምክንያት ልጆች በወለዷቸው አባቶች ስም እንዲጠሩ ያዝዛል፤ የእስልምና ከፋላ ሥርዓት ማሳደግን ያበረታታል፣ ዘርን መለወጥን ግን አይቀበልም። በ2000 የወጣው የኢትዮጵያ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደሚቀጥል ይደነግጋል። የቻይናው ሕግ ግን ከወላጆች ጋር ያለውን መብትና ግዴታ ጉዲፈቻው በተመሠረተ ጊዜ ያቋርጠዋል። ኢትዮጵያም በርካታ ልጆች ወደ ውጭ ከላከች በኋላ በ2018 የውጭ ጉዲፈቻን ከልክላለች፤ የመግቦት ጥያቄው በኢትዮጵያውያን እናቶችም ፊት የቆመ ነው።

በ1990ዎቹና ከዚያ በኋላ ከቻይና የተወሰዱት ልጆች ዛሬ አዋቂ ሆነው በራሳቸው አንደበት ይናገራሉ። በ2021 የወጣው «ፋውንድ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም በዘረመል ምርመራ ዘመዳሞች መሆናቸውን ያወቁ ሦስት ወጣቶች ወደ ቻይና ያደረጉትን ጉዞ ያሳያል። ከእነዚህ አዋቂዎች አንዳንዱ ባደገበት ቤት ደስተኛ ነው፤ አንዳንዱ ይቆጣል፤ ብዙዎቹ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዘዋል። ፈላስፋው አር. ጄይ ዋላስ በ2013 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው የሚወደውን ሕይወቱን ሲያጸድቅ ወደዚያ ያደረሰውን በደል ጭምር እንዳይቆጭበት የሚገፋ ኃይል እንዳለ ያስረዳል። ችግሩን በደንብ አይቶታል። የራስን ሕይወት መውደድና የተነጠቀችውን እናት በደል በደል ማለት ግን አብረው ይኖራሉ፤ የዮሴፍ ንግግር ሁለቱንም ይዟል፤ በይቅርታው መካከል የወንድሞቹን ሥራ ክፉ ይለዋልና። ለዚህ ንግግር የሚያበቃት እውነት ከልጅቱ ሊሰወር አይገባም፤ የተገኘችበት ቦታ፣ ቀይዋ ወረቀት፣ የማሳደጊያው ዶሴ የእሷ ንብረት ናቸው።

የምደባው ደብዳቤ የእግዚአብሔር ድምፅ ነው የሚለውን እምነት ሌላም ነገር ይፈትነዋል። ኮሮና በ2020 ጉዞውን ሲያስቆም ፎቶግራፍ የደረሳቸው፣ ክፍል ያዘጋጁ፣ ለልጁ ስም ያወጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ አሜሪካውያን ቤተሰቦች ነበሩ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከተመደቡት ሕፃናት አብዛኞቹ የልብ ሕመም ወይም ሌላ የጤና ችግር ያለባቸው ነበሩ። እነዚህ ቤተሰቦች አራት ዓመት ጠብቀው በሴፕቴምበር 2024 ጉዲፈቻው እንደ ተቋረጠ ሰሙ። የተሳካለት ሰው ብቻ የሚናገረው የመግቦት ትምህርት ለእነሱም፣ ለሚጠብቋቸው ልጆችም የሚለው የለውም። የቻይና መንግሥት የተወው ልዩ ሁኔታ ሁለት ብቻ ነው፤ እስከ ሦስተኛ ትውልድ የሚደርስ የሥጋ ዘመድ ልጅና የእንጀራ ልጅ።