ያልተጠየቀው ሰው

አንድ ዓላማ፣ ምንም ያህል የተቀደሰ ቢሆን፣ ሰውን ሳይጠይቅ እንደ ገንዘብ ሊመነዝረው ይችላልን? ጥያቄው ያረጀ ነው፤ ግን አላለቀም። እኛ ሳንሱሲ የምንኖር ተማሪዎች «አንዶር» የተባለውን ተከታታይ ፊልም አይተን ከጨረስን ወዲህ ይኸው ጥያቄ ሲያከራክረን ሰነበተ።

«አንዶር» የ«ስታር ዋርስ» ዘር ነው። የዚያ ዘር የመጀመሪያው ፊልም በአሜሪካ የታየው በግንቦት 1969 ዓ.ም. ሲሆን ደጉና ክፉው በልብሱ የሚለይበት ተረት ነበር። ቶኒ ጊልሮይ በ2015 እና በ2017 ዓ.ም. በ24 ክፍል ያቀረበው ይህ ሥራ ግን ሌላ ነው። የብርሃን ሰይፍ የለበትም፤ ያለው ቢሮክራሲ፣ እስር ቤት፣ ጆሮ ጠቢና የተማረረ ሠራተኛ ነው።

የአመፁ አደራጅ ሉተን ሬል በጠላት የስለላ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰው አለው። አንቶ ክሪገር የተባለ ታጋይ 30 ሰዎች ይዞ ወደ ወጥመድ ሊገባ መሆኑን ያ ሰው ይነግረዋል። ቢያስጠነቅቅ ሰላዩ ይጋለጣል። ሉተን ዝም አለ፤ ሰዎቹም አለቁ።

ከመካከላችን «ታዲያ ምን ያድርግ? እነሱም እኮ ለመሞት ቆርጠው የወጡ ናቸው» ያሉ አሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሰላዩ ቢያዝ ከ30 የበለጡ ሊያልቁ ይችሉ ነበር። ነገር ግን ታጋይ የተስማማው ለጠላት ጥይት ነው፤ ለወዳጅ ዝምታ አይደለም። በአንጻሩ በዚሁ ሥራ እስረኛው ኪኖ ሎይ ጓደኞቹን መርቶ ከእስር ቤት ያስወጣል፤ ዙሪያው ውኃ ነው፣ እሱ ግን ዋና አያውቅም። እሱም ዋጋ ከፈለ፤ የከፈለው ግን ከገዛ ኪሱ ነው።

ነገሩ ከቤታችንም ሩቅ አይደለም። ያ የመጀመሪያ ፊልም በወጣበት ዓመት፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሰበረ። ኢሕአፓና መኢሶን ከአንድ የተማሪዎች ንቅናቄ በቅለው ሳለ ተገዳደሉ። ማን ጀመረው የሚለው ሙግት ዛሬም አልበረደም። ሥልጣን ይዞ በጅምላ የገደለው ደርግ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። ይሁን እንጂ በየወገኑ ሒሳቡን የሠሩት ጥቂቶች፣ የከፈሉት ብዙዎች ነበሩ። ወረቀት እንዲያደርስ የተላከ ለጋ ልጅ ዓላማውን ያውቅ ይሆናል፤ ዋጋውን ግን ማን ነገረው?

ሉተን ነፍሱን እንዳጠፋ ያውቃል፣ ይጸጸታልም። ጸጸቱ ግን ሙታንን አያስነሣም፤ በሌሊት ብቻውን የሠራውን ሒሳብም ማንም አልመረመረለትም። እኛ «እጅ ሳይቆሽሽ ነፃነት ይገኛል» አንልም፤ ይህ የሕፃን ምኞት ነው። የምንለው ይህ ነው፦ በሌላው ሕይወት የወሰነ ሁሉ አንድ ቀን በስሙ ወጥቶ ለሟች እናት መልስ መስጠት አለበት። መልስ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ይሠራል።

በዚያው አደባባይ ዳር በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳው በወጣቶች ፎቶግራፍ የተሞላ ነው። ብዙዎቹ የእኛ እኩያ ናቸው። ስለ ዓላማ ከመማላችን በፊት ፊታቸውን እንይ፤ ከእነሱ ስንቱ ተጠይቆ ነበር?