ያረጀውን ስለ መጠገንና ስለ መለወጥ

ሰው በእጁ ያለው ዕቃ ሲያረጅበት ሁለት መንገድ ይታየዋል፤ አንዱ መጠገን፥ ሁለተኛው መለወጥ ነው። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብሎ መጠየቅ የገበያ ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ጠለቅ ብለን ብንመረምረው ግን የኅሊናም ጉዳይ ሆኖ እናገኘዋለን። ነገሩ እንዲብራራልን አንድ ትንሽ ዕቃ እንምረጥ፤ ይኸውም በመኪና በር ውስጥ ተሰውሮ የሚኖረው፥ በተለምዶ ስፒከር የምንለው የድምፅ ማጉያ ነው።

ሰቃ ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የቡና አገር ከተማ ናት። አገሩ ዝናብ የሚበዛበት ነው፤ ዝናቡ ሲያባራም አቧራው ይተካል። በዚህ መንገድ የሚመላለስ ሚኒባስ በሩ በቀን ስንት ጊዜ ተከፍቶ በኃይል ይዘጋል! ውሃው በመስተዋቱ ሥር ይወርዳል፥ አቧራው በስንጥቁ ይገባል፥ የበሩም ምት የተጣበቀውን ያላቅቃል። ከዚህ የተነሣ ድምፁ ይሻክራል። አሽከርካሪው ይጠራልኛል ብሎ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፤ የተቀደደው ግን በጮኸ መጠን ይብስበታል። ሕፃን አቅፋ ከገበያ የምትመለሰው እናት ያልመረጠችውን ጩኸት እየሰማች ትጓዛለች። እንግዲህ የአንድ ሰው ዕቃ መበላሸት የባለቤቱ ጉዳት ብቻ አለመሆኑን እናስተውላለን።

የዕቃው አሠራር ረቂቅ አይደለም። በማግኔት ክፍተት ውስጥ የመዳብ ሽቦ ጥቅል አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲመላለስበት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀሳቀሳል፥ ከእርሱ ጋር የተጣበቀውንም ወረቀት እየገፋ አየሩን ያንቀጠቅጣል። ራይስና ኬሎግ የተባሉ መሐንዲሶች በ1925 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የገለጡት ሥርዐት እስከ ዛሬ በመሠረቱ አልተለወጠም። ማግኔቱ ብዙ ዘመን ይኖራል፤ ፈጥኖ የሚያረጀው በወረቀቱ ዙሪያ ያለው ጠርዝ ነው፤ በተለይም ስፖንጅ የሆነ እንደ ሆነ ሙቀትና እርጥበት ያረግፉታል።

ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው «የሞተው የትኛው ክፍል ነው?» ተብሎ ነው። ጠርዙ ብቻ ከተበላ፥ ልኩ የሆነ ጠርዝ በሙጫ ተለጥፎ፥ ጥቅሉ ከመካከል እንዳይዛነፍ ተስተካክሎ ይድናል። ወረቀቱ በጣት ቀስ ተብሎ ሲገፋ ከውስጥ የሚፋተግ ድምፅ ከተሰማ፥ ወይም ጥቅሉ ከተቃጠለ፥ መለወጡ ይበጃል። ሲለወጥም የኦሙ ልክ ይታይ፤ 4 ኦም ለሚሻ ማጫወቻ ከዚያ ያነሰ ቢገጠምለት ማጫወቻው ራሱ ግሎ ሊቃጠል ይችላል።

ቀደምት ወገኖቻችን የተሰነጠቀ ቅል ይሰፉ ነበር። መጠገን ሁሉ ግን ደግ ሥራ ነው ማለታችን አይደለም፤ ጉድለትን ለመሸፈን የተደረገ ጥገና የውሸት ወንድም ነውና። የባለሙያው ሥራ ከበሩ ልባስ በስተ ኋላ ይሰወራል፤ ባለቤቱ የሚያየው መሸፈኛውን ብቻ ነው። በዚህ ስውር ቦታ ሁለት ዐይነት በደል ሊፈጸም ይችላል፤ አንደኛው፥ የሚድነውን ሞቷል ብሎ አዲስ ማስገዛት፤ ሁለተኛው፥ የሞተውን በፕላስተር ሸፍኖ ዋጋ መቀበል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል፤ ነገር ግን ሁሉም ሁሉን እየጠረጠረ የሚኖርበት አገር ምን ዐይነት አገር ይሆናል?

ከሁለቱም የሚበልጥ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ምክንያቱን ማራቅ ነው። በበሩ ልባስ ሥር ውሃ የሚከለክል ላስቲክ ተቀዶ ከቀረ፥ የተጠገነውም ሆነ አዲሱ በዚያው ውሃ ይበሰብሳል። ዕቃውን ለውጦ ምክንያቱን የተወ ሰው ያደረገው ነገር ቢኖር ጥፋቱን ወደ ሌላ ቀን ማስተላለፍ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ የእኛ ፍርድ ይህ ነው፤ በሕይወት ያለውን መጠገን፥ የሞተውን መለወጥ፥ በሁለቱም ጊዜ ምክንያቱን ማስወገድ ይገባል። ባለሙያውም ልባሱን ከመዝጋቱ በፊት አሮጌውን አውጥቶ በባለቤቱ እጅ ላይ ያኑርለት፤ ባለቤቱም ዐይቶ ይፍረድ።