እሳት የጋራ ሐቅ ነው

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

ስለ ነዳጅ ዋጋ ሲነሣ ወሬያችን አብዛኛውን ጊዜ ከማደያው ሰልፍና ከታክሲው ታሪፍ አያልፍም። ነዳጅ በተወደደ ቁጥር ግን ከባዱ ሒሳብ የሚሠራው ማደያው በር ላይ ሳይሆን ጓዳ ውስጥ፣ በምድጃው ዙሪያ ነው። ዛሬ ምን ይነደድ? በምን ይጋገር? ይህን ሒሳብ የምትሠራው ደግሞ እናት ናት። እኔም በዚህ ሳምንት ላነሣው የወደድኩት ይህንኑ ነው። ነዳጅ ሲወደድ ቤተሰብ ሌላ አማራጭ መፈለጉ አይቀርም። ጥያቄው ወደ የትኛው አማራጭ ይሄዳል፣ እኛስ በዚያ መንገድ ላይ ምን ኃላፊነት አለብን የሚለው ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ዋቂዓህ የሰውን ልጅ ስለሚዘራው ዘርና ስለሚጠጣው ውሃ ከጠየቀው በኋላ ወዲያው ስለሚያቀጣጥለው እሳት ይጠይቀዋል። የማገዶውን ዛፍ ያስገኘው ማን እንደሆነ እንዲያስተውል ያደርገዋል፤ እሳትም ማስታወሻና ለመንገደኛ መጠቀሚያ እንደሆነ ይነግረዋል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ሙስሊሞች በሦስት ነገሮች ተጋሪዎች መሆናቸውን አስተምረዋል፤ እነሱም ውሃ፣ ግጦሽና እሳት ናቸው። ዑለማዎች በዚህ ሐዲስ ውስጥ «እሳት» የተባለው ምን እንደሆነ ተወያይተውበታል። ማንም ካልተከለው ዱር የሚለቀም ማገዶ ነው ያሉ አሉ፤ ጎረቤት ከጎረቤት የሚጭረው ፍም ነው ያሉም አሉ። በዘመናችን ስለ ኢስላማዊ ኢኮኖሚ ከጻፉ ምሁራን መካከል ነዳጅንና ኤሌክትሪክን በዚሁ ሥር የሚያዩ አሉ። ሁሉንም የሚያስማማው ፍሬ ነገር ግን ግልጽ ነው። እሳት ለአንዱ ሲነድ ለሌላው የሚጠፋበት ሁኔታ የግል ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊታይ አይገባም።

የአገራችን ታሪክም ማገዶ ከተማን እስከማናወጥ የሚደርስ ጉዳይ መሆኑን ይመሰክራል። አዲስ አበባ ገና በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ ያለው ደን በማገዶነት ስላለቀ፣ አፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ እስከማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ካጸኗት ነገሮች አንዱ በዚያን ጊዜ ከውጭ የመጣው የባሕር ዛፍ ነው። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ በመካከለኛው ምሥራቅ በተደረገው ጦርነት ሳቢያ የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ የቤንዚን ዋጋ ተጨመረ። የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች በየካቲት 11 ቀን ሥራ አቆሙ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ አንባቢ ያውቀዋል።

ለጓዳችን ቅርብ የሆነው ታሪክ ግን የነጭ ጋዝ ታሪክ ነው። በከተማችን በርካታ ቤቶች ለረጅም ዓመታት ወጥ የሚሠራው በነጭ ጋዝ ምድጃ ነበር። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ሲያነሣ ነጭ ጋዝ በአንድ ጊዜ ተወደደ፤ ብዙ ምድጃዎችም ዝገው ከአልጋ ሥር ገቡ። ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እንዲነሣ ተደረገ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ሊትሩ ከ37 ብር በታች ይሸጥ የነበረው ቤንዚን በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከ100 ብር አለፈ፤ ነጭ ጋዝና ናፍጣም 99 ብር ገደማ ደረሱ። ነዳጃችን በሙሉ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛና በብዛት በጅቡቲ በኩል የሚገባ በመሆኑ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር መደረጉም የራሱን ጫና ጨምሯል።

«ነዳጅ ሲወደድ ሕዝቡ ወደ ኤሌክትሪክና ወደ ፀሐይ ኃይል ይዞራል፤ ይህም ለአገር ይጠቅማል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ኤሌክትሪክ ምጣድና ስቶቭ ይገዛል፤ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ይተክላል፤ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና ይነዳል። ለእሱ የዋጋው መናር ወደ ላይ የሚገፋ ግፊት ነው። ለጋዜጣ ሥራ ከሰፈር ሰፈር ስዘዋወር ያየሁት ሌላው ግማሽ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ነጭ ጋዝ የተወችው እናት ወደ ከሰል ወረደች፤ ከሰል ሲወደድባት ወደ እንጨት፣ ከእንጨትም ወደ ጭራሮና ሰጋቱራ ወረደች። ለእሷ «አማራጭ ኃይል» ማለት አያቷ ትታው የመጣችው ጭስ ነው።

የዚህ ጭስ ዋጋ በብር አይተመንም። የዓለም የጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በ2012 ዓ.ም. ገደማ በዓለም ላይ በአንድ ዓመት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል፤ ከእነዚህም ብዙ ሕፃናት ይገኙበታል። ደኑም ዕዳውን ይከፍላል። በባህላዊው የአፈር ክምር አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከአምስት ኪሎ የማያንስ እንጨት ይነዳል። ስለዚህ ወደ ከሰል የወረደ እያንዳንዱ ቤት ሳያውቀው ከሚያየው በላይ ዛፍ ያስቆርጣል።

ታዲያ አንዱን ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች የሚገፋው ምንድን ነው? አስተውለን ካየነው ልዩነቱ በዕለት ወጪው ላይ ብቻ አይደለም። በኤሌክትሪክ የሚጋገር እንጀራ በከሰልና በእንጨት ከሚጋገረው ርካሽ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ትልቁ እንቅፋት የመጀመሪያው ወጪ ነው። ምጣዱን በአንድ ጊዜ መግዛት ያስፈልጋል፤ ምጣዱ ከሦስት ኪሎዋት ያላነሰ ኃይል ስለሚስብ ያረጀው የቤት ሽቦ መቀየር አለበት፤ ቆጣሪም ያስፈልጋል። ዕለት በዕለት በትንንሽ ፌስታል ከሰል የምትገዛ እናት በዓመት የምታወጣው ገንዘብ ምጣድ ይገዛ ይሆናል። ገንዘቡ ግን አንድ ላይ ሆኖ እጇ ገብቶ አያውቅም።

የቆጣሪውም ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የመብራት ሒሳብ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ታሪፉም እያደገ የሚሄድ ነው። ይህም ጥቂት የሚጠቀመውን ለመርዳት ታስቦ የተሠራ ነው። ነገር ግን አራትና አምስት አባወራ በአንድ ግቢ አንድ ቆጣሪ ሲጋራ የሁሉም ፍጆታ ተደምሮ ወደ ላይኛው ታሪፍ ይገባል፤ ድሃውም እንደ ሀብታም ይከፍላል። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በተጀመረውና በአራት ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ በሚጨምረው አዲስ ታሪፍ ይህ ሸክም የባሰ ይከብዳል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ አልሐምዱሊላህ። በግድቡ ላይ የእነዚህ እናቶች መዋጮም አለበት። ብርሃኑ ጓዳቸው እስኪደርስ መንገዱን ማሳጠር ግን የእኛም ሥራ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች «ይህ የአላህ ውሳኔ ነው፣ ሰብር ማድረግ ነው» ይላሉ። ሰብር ከኢማን ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በነቢዩ ቤት ሁለት ወር ሙሉ እሳት ሳይነድ፣ በተምርና በውሃ ብቻ ይታለፍ እንደነበር የነገሩንን እናስታውስ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በዚያ ቤት ሰብር ያደረገው መሪው ራሱ ነበር። የኡማው መሪ ምድጃ ቀዝቅዞ ሳለ የድሃው ችግር አይረሳም ነበር። እኛ ግን ቡታጋዛችን ሰማያዊ ነበልባል እያወጣ ሳለ ጎረቤታችንን «ሰብር አድርጊ» የምንል ከሆነ፣ ያ ሰብርን ማስተማር ሳይሆን ሸክምን ለሌላው ማሸከም ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ለነጋዴ ወንድሞቼ የምለው አለኝ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ዋጋ ሲወደድ ዋጋ እንዲተምኑ ተጠይቀው እንዳልተመኑ፣ ማንንም በድለው ጌታቸውን መገናኘት እንዳልፈለጉ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። ንግድ ነፃ ነው ማለት ነው። ሆኖም እቃ ደብቆ ዋጋ የሚያስወድድ ሰው ኃጢአተኛ መሆኑን ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው፤ ይህንንም ሙስሊም ዘግበውታል። ኢብን ተይሚያም ነጋዴዎች ሕዝብን ለመጉዳት እቃ ሲይዙ ባለሥልጣን ጣልቃ ሊገባ እንደሚገባ ስለ ሒስባ በጻፉት መጽሐፋቸው አብራርተዋል። ነገ ዋጋ ይጨምራል ሲባል ዛሬ ማታ «ነዳጅ አልቋል» የሚል፣ ክረምት ሊገባ ሲል ከሰል በመጋዘን የሚቆልፍ፣ ናፍጣውን በነጭ ጋዝ የሚደባልቅ ሰው ትርፉን ሲቆጥር ይህን ሐዲስም አብሮ ይቁጠር።

ሁለተኛው ለመስጊድ ጀመዓዎችና ለእድሮች ነው። ለድሃ ቤተሰብ በረመዳን አስቤዛ እናከፋፍላለን፤ አላህ ይቀበለን። አስቤዛው ግን የሚበስልበት እሳት ይፈልጋል። አምስት ወይም አሥር ሰው አዋጥቶ ለአንዲት እናት ምጣድ ቢገዛላት፣ ወይም በቀርድ ሐሰን አበድሯት ከሰል ትገዛበት በነበረው ገንዘብ ቀስ እያለች ብትመልስ፣ ያው ገንዘብ ዞሮ ለሌላዋ ይደርሳል። ወለድ የለበትም፤ ልመናም የለበትም። ከዘካ ገንዘብ ላይ እንዲህ ያለ እቃ መግዛት ይቻል እንደሆነ ዑለማዎቻችንን ጠይቀን እንሥራበት። ለሶደቃ ግን ማንም የሚከለክለን የለም።

ኤሌክትሪክ ላልደረሰበት ገጠርም መንገድ አለ። በ1980ዎቹ ዓመታት በአገራችን የተሠራው «ምርጥ» የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ አንጻር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃም እንዲሁ ይቆጥባል። የፀሐይ ፋኖስ ኩራዝን ይተካል እንጂ እንጀራ አይጋግርም። ባዮጋዝ ደግሞ አራት ያህል ከብትና በቂ ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቤት የሚሆነውን መርጦ መርዳት እንጂ «ፀሐይ ነፃ ናት» ብሎ መምከር ብቻ አይበቃም።

ሦስተኛው ለየራሳችን ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቡ ዘርን (ረ.ዐ.) ወጥ ስትሠራ ውሃውን አብዝተህ ለጎረቤቶችህ አስብ ብለው መክረዋቸዋል። ያቺ ድስት የሁለት ቤት እሳት ትቆጥባለች። ግቢ ያላችሁ አከራዮች የተከራዮቻችሁን ቆጣሪ ለይታችሁ አውጡላቸው። ቤት የምታስተዳድሩ ወንዶች ምድጃውን የሴት ጉዳይ አድርጋችሁ አትተዉት፤ ጭሱ የሚገባው በልጆቻችሁ ሳንባ ነው። እንጨት የምንጠቀም ሁሉ በቆረጥነው ፈንታ እንትከል፤ ሙስሊም ከተከለው ዛፍ ወፍ እንኳ ቢበላ ሶደቃ እንደሚሆንለት ተነግሮናል።

የዓለምን የነዳጅ ዋጋ እኔም አንተም አንወስነውም። ዋጋው በተወደደ ቁጥር ጎረቤታችን ወደ ጭሱ ትውረድ ወይስ ወደ ብርሃኑ ትውጣ የሚለው ግን በከፊል በእጃችን ነው። በዚህም እንጠየቃለን።

አላህ በእሳት ከሚጋሩት እንጂ በእሳት ከሚቀጡት አያድርገን። ለድሆቻችን ምድጃ በረካ ይስጥልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።