ርስት ያላቸው ሙታን

ስፔናውያን የኢንካ ነገሥታት መናገሻ የነበረችውን ኩስኮን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1533 ዓ.ም. ከያዙ በኋላ፣ የድል አድራጊው የፍራንሲስኮ ፒዛሮ ዘመድ የሆነው ወጣቱ ፔድሮ ፒዛሮ ለአንድ የአገሬው የጦር አለቃ የጋብቻ አማላጅ ሆኖ ተላከ። አለቃው ሊያገባት የተመኛት ሴት በአንድ ታላቅ ጌታ ቤት የምታገለግል ስለ ነበረች፣ ያለ ጌታዋ ፈቃድ ልትዳር አትችልም ነበር። ፔድሮም አስተርጓሚ አስከትሎ ሄደ፤ ከሕያው ሰው ጋር እነጋገራለሁ ብሎ ሲጠብቅ ግን፣ በጥሩ ልብስ ተጠቅልሎ በክብር በተቀመጠ በድን ፊት አቀረቡት። ከበድኑ አጠገብ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተቀምጠው ነበር። መልእክቱ በተነገረ ጊዜ ሁለቱ ጥቂት ዝም ብለው እርስ በርሳቸው ከተያዩ በኋላ፣ ጌታቸው ነገሩን መፍቀዱን አስታወቁ።

ፔድሮ ይህን የጻፈው በስተእርጅናው ነው፤ ግርምቱ ግን ገና አልበረደለትም ነበር። አንባቢም ፈቃጆቹ ሁለቱ አገልጋዮች መሆናቸውን አይቶ ፈገግ ይል ይሆናል። ነገር ግን ሟች በኑዛዜው ያዘዘውን ሕያዋን እያነበቡ፣ እየተረጐሙና እየፈጸሙ መኖራቸው በሌላውም ዓለም የተለመደ ሥርዓት ስለ ሆነ፣ ፈገግታው ብዙ ሳይቆይ ወደ ጥያቄ ይለወጣል፤ ለመሆኑ ሙት በሕያው ላይ መብት አለውን? ካለውስ መብቱ እስከ መቼ ይጸናል?

የኢንካ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ፍጻሜ የሌለው መብት ነው የሚል ነበር። አንድ ንጉሥ ባረፈ ጊዜ ሥጋው እንዳይፈርስ ተደርጎ ይደርቅና፣ መንግሥታዊ ልብሱን እንደ ለበሰ በገዛ ቤቱ ይቀመጥ ነበር። ቤተ መንግሥቱ፣ እርሻው፣ የላማና የአልፓካ መንጋው፣ አገልጋዮቹም ሁሉ የእርሱ እንደ ሆኑ ይቀጥላሉ፤ ይህንንም ርስት ከአልጋ ወራሹ በቀር ያሉት ልጆቹና የልጅ ልጆቹ በአንድ ቤት ተሰብስበው ያስተዳድሩለታል። አዲሱ ንጉሥ ዘውዱንና የጦሩን አዛዥነት ይወርሳል እንጂ የአባቱን ሀብት አይወርስም፤ ስለዚህ ለራሱ አዲስ መሬት ማቅናት፣ አዲስ ቤት ማነጽ ግድ ይሆንበታል። ታላላቅ በዓላት በደረሱ ጊዜም ሙታኑ በየማዕርጋቸው ወደ ኩስኮ አደባባይ ወጥተው ይቀመጣሉ፤ ድርሻቸው የሆነው መብል በፊታቸው በእሳት ይቃጠላል፣ ቺቻ የሚባለው የበቆሎ ጠላ ይቀዳላቸዋል፣ ሙት ለሙት፣ ሙትም ለሕያው ጽዋ ያነሣል። ሙታን በዚያች ከተማ በሸንጎ የሚቀመጡ ባላባቶች ነበሩ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የነገሥታት ትዕቢት የወለደው ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር፣ ወደ ሰሜን ቺሊ ጠረፍ፣ ወደ አሪካ በረሃ ይመልከት። በዚያ የኖሩት የቺንቾሮ ሰዎች ንጉሥም ግብርም የማያውቁ ዓሣ አጥማጆች ሲሆኑ፣ ከዛሬ 7000 ዓመት ገደማ ጀምሮ፣ ይኸውም የግብፅ ፈርዖኖች ገና ሳይነሡ፣ የሙታናቸውን ሥጋ ከአጥንት ለይተው፣ አጥንቱን በእንጨት አጽንተው፣ በጭቃ መርገው፣ ፊቱንም በጭንብል ሠርተው ያኖሩ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህን ድካም ለሕፃናት፣ ሳይወለዱ ለሞቱ ጽንሶች እንኳ ማድረጋቸው ነው። ጽንስ ርስት የለውም፣ ሥልጣንም አላወረሰም። እንግዲህ ሙትን የማክበሩ መሠረት ከጥቅም የሚቀድም አንድ ሌላ ነገር፣ ምናልባትም የወዳጅን መልክ ለአፈር አሳልፎ ለመስጠት እንቢ ማለት ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ ፍቅር ሥርዓት ሲሆን ዋጋ ያስከፍላል። ዋይና ካፓክ የተባለው ንጉሥ ከሞተ በኋላ ዘውዱን የጫነው ዋስካር፣ የአገሩ ምርጥ መሬትና ሰው ሁሉ በሙታን እጅ መሆኑን አይቶ ተቈጣ፤ ሙታኑን ላስቀብራቸው፣ ያላቸውንም ልውሰድባቸው አለ ይባላል። በእኔ አስተያየት ዋስካር በነገሩ አልተሳሳተም፤ ርስት ሁሉ የትናንት ሰዎች ከሆነ ዛሬ የተወለደው ምን ያርሳል? ነገር ግን በሙታኑ ስም የሚበሉት ታላላቆች ልባቸው ከእርሱ ሸሸ፤ ከወንድሙ ከአታዋልፓ ጋር በተዋጋ ጊዜም ይህ ጎዳው። የአታዋልፓ የጦር አለቆች ኩስኮን ሲይዙ፣ የሁለቱ ወንድማማቾች አያት የሆነውን፣ ቤቱም ከዋስካር ጋር ያበረውን የቱፓክ ዩፓንኪን ሥጋ አውጥተው በእሳት አቃጠሉት። በድን ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ሰው በድን ለማቃጠል አይደክምም።

እሳቱ ለአታዋልፓም ተራውን ጠብቆ ደረሰው። ስፔናውያን በካሃማርካ ማርከውት ከቆዩ በኋላ በ1533 በእሳት እንዲሞት ፈረዱበት፤ ቢጠመቅ ግን በገመድ ታንቆ እንደሚሞት ነገሩት። እርሱም ተጠመቀ። ካህኑ ነፍስ አዳንሁ ብሎ ደስ ሲለው፣ ንጉሡ ግን ሥጋውን ማዳኑ ነበር። ጥምቀቱ እውነተኛ ነበር ወይስ አልነበረም ብዬ ለመፍረድ አልደፍርም፤ በገመድና በእሳት መካከል ከቆመ ሰው ንጹሕ የሃይማኖት ቃል መጠበቅ ለጠባቂው ራሱ ኀፍረት ነው። ነገር ግን የሁለቱ እምነት ልዩነት ከዚህ የበለጠ የተገለጠበት ሰዓት ያለ አይመስለኝም። ቤተ ክርስቲያን ሰማዕታቷ በእሳት ሲቃጠሉ፣ በአራዊት ሲበሉ አይታ፣ የተበተነውን ትቢያ እግዚአብሔር በትንሣኤ ሙታን ይሰበስበዋል ብላ ተጽናንታለች። ለአንዲስ ተራሮች ሰው ግን የሙትን ሥጋ የመጠበቅ አደራ የወደቀው በልጆቹ ላይ ነው፤ ሥጋው ከጠፋ ልጆቹ የሚያጎርሱት አባት፣ አባትየውም የሚናገርበት አፍ የለውም።

ሆኖም ይህ እምነት ከራሱ ሕግ አልፎ የሄደበት ጊዜ ነበር። የተቃጠለውን የቱፓክ ዩፓንኪን አመድ ልጆቹ ለቅመው፣ በእንስራ አኑረው ማክበራቸውን ቀጠሉ፤ ፖሎ ደ ኦንዴጋርዶ የተባለው ስፔናዊ የሕግ ሰው በ1559 የተሸሸጉትን የነገሥታት ሥጋዎች እያሰሰ ሲይዝ ያንንም እንስራ አገኘው። ከእነዚያ ሥጋዎች አንዳንዶቹን በ1560 በፖሎ ቤት ያያቸው፣ ከስፔናዊ አባትና ከኢንካ ልዕልት የተወለደው ጋርሲላሶ ደ ላ ቬጋ ነው። ወደ ስፔን ሊሄድ የተሰናዳ ወጣት ሳለ የዘመዱን የዋይና ካፓክን ጣት ነክቶ እንደ እንጨት የጠነከረ ሆኖ እንዳገኘው ጽፏል። ሥጋዎቹ በነጭ ጨርቅ ተሸፍነው በመንገድ ሲያልፉ የአገሩ ሰዎች እያለቀሱ ሲሰግዱ፣ ከስፔናውያኑም ብዙዎቹ ቆባቸውን አነሡ፤ ነገሥታት ናቸውና። የቅዱሳንን ዐፅም በመንበር ሥር አኑረው የሚቀድሱ ሰዎች፣ ሌላው ለዐፅም የሚሰማውን አክብሮት ፈጽሞ ሊያጠፉት አልተቻላቸውም።

ከእነዚያ ሥጋዎች ወደ ሊማ ከተላኩት መካከል የማቹ ፒቹ ባለቤት መሆኑ የሚነገርለት ታላቁ ንጉሥ ፓቻኩቲ ይገኝበታል። ሥጋው ከኩስኮ ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1568 በተጻፈ የመሬት ሰነድ ላይ፣ በኡሩባምባ ሸለቆ በፒቹ አካባቢ ያሉት እርሻዎች የማን እንደ ነበሩ ተመዝግቧል። የስፔኑ ጸሐፊ የሕያዋንን ክርክር ለመቍረጥ ባለርስት ብሎ የጻፈው ያንኑ ንጉሥ ነው።